ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ከሸኽ አሕመድ ደብዳቤ እስከ እጅ ስልካችን



ውድ አንባቢ ሆይ! ባለፈው ረመዷን አንድ ምሽት ከተራዊሕ ስመለስ ቡራዩ የሚኖሩት አክስቴ በስልኬ ረዘም ያለ መልእክት ላኩልኝ። አናቱ ላይ ሳላነበው እንዳላልፍና ለሃያ ሰው እንዳደርስ የሚያሳስብ ቃል አለበት። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ የት እንደማውቀው ገባኝ። የመዲናው ሸኽ አሕመድ ናቸው! የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ አገልጋይ ናቸው የሚባሉት፣ በጁሙዓ ሌሊት ነቢዩን በሕልም አይተው ለሕዝበ ሙስሊሙ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይዘው መጡ የሚባሉት ሰው። መልእክቱን ገልብጦ ያሠራጨ ድሃ ቢሆን ይከብራል፣ ዕዳ ያለበት ቢሆን ዕዳው ይከፈልለታል፤ አንብቦ ዝም ያለ ደግሞ መከራ ይወርድበታል ይላል።

እኔ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ያየሁት በተማሪነቴ ዘመን ነው። በእጅ ተጽፎ፣ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ፊደሉ ሊጠፋ የደረሰ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። አንድ ጓደኛችን ከምሳ ገንዘቡ ቀንሶ ሲያባዛው ትዝ ይለኛል። ለምን ይህን እንደሚያደርግ ስንጠይቀው «እውነት ከሆነስ?» ነበር መልሱ።

ደብዳቤው ግን ከእኔም ከአክስቴም ዕድሜ ይበልጣል። ስኑክ ኸርግሮንዬ የተባለው ሆላንዳዊ የዐረብኛና የእስልምና ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1880 በሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበሩት የምሥራቅ ደሴቶች ሙስሊሞች መካከል ስለተሠራጨው የዚህ ማስጠንቀቂያ ቅጂ ጽፏል። በካይሮ የአል መናር መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ረሺድ ሪዳ ስለ ደብዳቤው ተጠይቀው ሐሰትነቱን አስረድተዋል። ከዚያ በኋላም የሳዑዲው ዐሊም ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ ሐሰትነቱን የሚያጋልጥ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጥተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖም እነሆ ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ ደብዳቤው ከአክስቴ ስልክ ወደ እኔ ስልክ መጣ። ዑለማዎቹ ያስተባበሉበት ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ማንም ልኮልኝ አያውቅም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ይህ ወረቀት አንድ ዘመን ተኩል ሲዞር የወረቀቱን፣ የቀለሙን፣ የፖስታውን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? መጀመሪያ የፈጠረው ሰው የከፈለው የአንድ ቅጂ ዋጋ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የከፈሉት ተቀባዮች ናቸው፤ አንዱ በፍርሃት፣ አንዱ በተስፋ። ጓደኛችን በምሳው ከፈለ። ዛሬ በኢንተርኔት ሰማይና ምድሩን የሞላው የማጭበርበሪያ መልእክት የሚያድረው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ ልዩነቱ ሸኽ አሕመድ ገንዘብ አለመጠየቃቸው ነው።

ገንዘብ የሚጠይቀው ደብዳቤ ታሪኩ ለብቻው ነው። በፈረንሳይ ሌባ ሆኖ ኖሮ በኋላ የፓሪስ ወንጀል መርማሪዎች አለቃ የሆነው ቪዶክ እ.ኤ.አ. በ1828 በወጣው የሕይወት ታሪኩ የቢሴትር እስረኞች ስለሚጽፉት ደብዳቤ ይተርካል። እስረኛው የአንድ መስፍን አሽከር እንደነበረ፣ በአብዮቱ ጊዜ ከጌታው ጋር ሲሸሽ በወርቅና በአልማዝ የተሞላ ሣጥን እንደደበቀ፣ ሣጥኑም ደብዳቤው ከሚደርሰው ሰው ቀዬ አጠገብ እንደሚገኝ ይጽፋል። ሣጥኑን ለማውጣት የሚጎድለው ጥቂት የመንገድ ገንዘብ ብቻ ነው! ቪዶክ እንደሚለው ከ100 ደብዳቤ 20ው ምንጊዜም መልስ ያገኝ ነበር። ውድ አንባቢ፣ ይህን ካነበቡ በኋላ «የሟች ጄኔራል ባለቤት ነኝ፣ በባንክ የተቀመጠ ሚሊዮን ዶላር አለኝ» የሚለውን ኢሜይል አዲስ ነገር ነው ይሉታል?

አዲሱ ነገር ተረቱ ሳይሆን ዋጋው ነው። የቢሴትሩ እስረኛ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ወረቀት ይገዛል፣ እጁን ያደክማል፣ ስለዚህ ከመቶው ብዙ ሰው ሊመልስለት ይገባል። በኢሜይል ግን አንድ ሺህም ሆነ አንድ ሚሊዮን መላክ ለላኪው ያው ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድን የአይፈለጌ መልእክት አሠራጮች መረብ ሾልከው ገብተው ቆጠሩት። ወደ 350 ሚሊዮን የሚጠጋ የመድኃኒት ማስታወቂያ በ26 ቀን ተልኮ የተገኘው ገዥ 28 ብቻ ነበር። ሃያ ስምንት! በገበያ እንዲህ ያለ ንግድ የሚነግድ ሰው ቢኖር በሳምንቱ ሱቁን ይዘጋ ነበር። ይህ ግን አይዘጋም፤ ምክንያቱም የቀሩትን ሚሊዮኖች ጊዜ፣ የመሥመር ክፍያና ብስጭት የሚሸፍኑት ራሳቸው ተቀባዮቹ ናቸው። ራኦና ራይሊ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ስሌት አይፈለጌ መልእክት በአሜሪካ ድርጅቶችና ሰዎች ላይ በዓመት ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ሲያስከትል፣ አሠራጮቹና ነጋዴዎቻቸው ከዓለም የሚሰበስቡት ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንድ ብር ለመስረቅ የመቶ ብር አጥር ማፍረስ ማለት ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን መልእክት «ስፓም» ይሉታል። ስፓም እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የቆርቆሮ የአሳማ ሥጋ ነው። ስለዚህ ለእኛ በስሙም ቢሆን አይቀመስም!)

ይህ ንግድ ወደ እኛ የመጣበት በር ደግሞ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 በአሪዞና የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች በሺህ ለሚቆጠሩ የኢንተርኔት የውይይት መድረኮች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። በንግድ አይፈለጌ መልእክት ታሪክ ስሙ ሁልጊዜ የሚነሣው ይኸው ነው። የሚያስተዋውቀው ምን ይመስልዎታል? ዲቪ! ያኔ በነፃ ይሞላ የነበረውን የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ሎተሪ በገንዘብ ልንሞላላችሁ ማለታቸው ነበር። ያን ጊዜ በአገራችን ኢንተርኔት ገና አልተዘረጋም፤ አገልግሎቱ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዲቪ የሚለው ቃልና ኢሜይል የሚለው ቃል በእኛ ከተሞች አብረው አደጉ። በኢንተርኔት ቤቶች በደቂቃ ሒሳብ እየከፈልን፣ አንዱ ገጽ እስኪከፈት ሻይ እየጠጣን፣ የምናነበው «ደርሶዎታል፣ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚል መልእክት ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለደረሰው ሰው በኢሜይል «ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» እንደማይል ደጋግሞ አስታውቋል። ግን ማስታወቂያውን ያነበበው ስንቱ ነው? እነሆ ውሸቱን ለማንበብም እኛው ከፈልን።

አንዳንድ ሰው «እንዲህ ያለ የሚያስቅ ደብዳቤ ማን ያምናል? ቢዋሹ እንኳ አሳምረው አይዋሹም?» ይላል። ኮርማክ ሄርሊ የተባለ የማይክሮሶፍት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ለአጭበርባሪው መላክ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሚያስወጣው የመለሰለትን ሰው ቀን ከሌት ማባበሉ ነው። ስለዚህ ጠርጣራው ገና በመጀመሪያው መስመር ስቆ እንዲተወው ይፈልጋል። ደብዳቤው ወንፊት ነው። እዚህ ላይ ግን እኔ የራሴን ልጨምር። በወንፊቱ ላይ የሚቀረው ሞኙ ነው ብሎ መደምደም ግፍ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀረው የቸገረው ነው፤ ዕዳ ያለበት፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ ሥራ ፈላጊ ልጅ ያለው። የሸኽ አሕመድ ደብዳቤ ለድሃ ሀብት፣ ለባለዕዳ የዕዳ መክፈያ ቃል የገባው በከንቱ አይደለም።

መማርና ሹመትም እንደማያድን ከፈለጉ አንድ ዓመት ብቻ እንመልከት፤ እ.ኤ.አ. 2008ን። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ የብሔራዊ ባንካችን ወርቅ ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኝቶ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ኒውዮርክ በሚገኘው ሲቲባንክ የተቀመጠውን የብሔራዊ ባንኩን ገንዘብ ሌሎች በፋክስ አዘዙበት። አስቀድመው የፈራሚዎች ስምና ፊርማ፣ የማረጋገጫ ስልክ ቁጥር ጭምር ያለበት ሐሰተኛ ሰነድ ላኩ፤ ከዚያ ሃያ አራት ያህል ትእዛዝ አከታትለው 27 ሚሊዮን ዶላር ወደ ልዩ ልዩ አገር ባንኮች አስተላለፉ። ባንኩ ለማረጋገጥ የደወለው በሐሰተኛው ሰነድ ላይ ወደተጻፉት ቁጥሮች ነበር፤ ሌባውን «አንተ ሌባ ነህ ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ያለ ነገር ነው። ነገሩ የታወቀው አንዳንድ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን ሲመልሱና ብሔራዊ ባንኩም አላዘዝኩም ሲል ነው። ሲቲባንክ ገንዘቡን ተክቷል።

ወርቅ የተቀባውን ብረት ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለኝ የመዲናው ገበያ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ከተው እርጥበት አገኙ። ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ። ባለቤቱ ዝናብ መትቶት ነው አለ። እርሳቸው ያሉትን አንባቢ ያውቀዋል፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከንግግሩ በፊት ያለው ተግባር ነው፤ እጃቸውን ማስገባታቸው። ሲቲባንክ ያጣው ይህን እጅ ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ ሰፈር ልመለስ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲዋቀር የእርሱ ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። እነዚህን ከተሞች የሞላቸው በብዛት ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ለፋብሪካና ለቀን ሥራ የመጣ ሰው ነው። ጎረቤቱን ከአባቱ ስም በፊት በስልክ ቁጥሩ ያውቀዋል። መሬቱ የማን እንደነበረ የሚመሰክር ሽማግሌ ስለማያውቅ የሚያምነው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነው፤ አንድ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው የሚሸጠው ደላላም የሚኖረው በዚሁ ነው። ልጁ ወይም እኅቱ ሪያድ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ናት፤ ድምፅዋን የሚሰማው በኢሞና በዋትሳፕ ነው። በደጉ ጊዜ ኢድርና ዕቁብ፣ በእኛም በኩል የመስጂዱ ጀማዓ፣ ይህን ባዕድነት ቀስ በቀስ ይሸፍኑታል። ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ መልእክቱ ግን በሰከንድ ይደርሳል።

የሚደርሰውስ ምንድን ነው? ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረና ገንዘብ በስልክ መላክ ከተለመደ ወዲህ «ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚለው በዝቷል። ከሁሉም የከፋ የምለው ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ይመጣል፤ ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል ይላል። ወዲያው አንድ ሰው እያለቀሰ ይደውላል፤ የሐኪም ቤት ገንዘብ ነበር፣ በስህተት ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ። ልብ ይበሉ! በዚህ ወጥመድ ስግብግቡ አይያዝም። ስግብግቡ ስልኩን ዘግቶ ደስ ይለዋል። የሚያዘው የሰው ገንዘብ ሐራም ነው ብሎ ሒሳቡን ሳያይ የሚመልሰው ነው። የድሮው የመርካቶ ቁጭ በሉ መንገድ ላይ «ወርቅ አገኘን፣ እንካፈል» ሲል የሚያጠምደው የሰውየውን ስስት ነበር። ይህኛው የሚያጠምደው አማናውን ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበሩን ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ለሽያጭና ለማስታወቂያ መልእክት ማሠራጨትንም እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል ይላል። ላኪው ማንነቱንና አድራሻውን ከገለጸና ተቀባዩ በቀላሉ «አልፈልግም» የሚልበትን መንገድ ከሰጠ ግን አይጠየቅም። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ላኪው ያለው ከየትኛው አገር ነው? ላኪውስ ራሱ ማን ነው?

የዚህ መልስ ነው ብዕሬን ያስነሣኝ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በማያንማር ድንበር ያለ አንድ የካረን ታጣቂ ቡድን ከማጭበርበሪያ ማእከላት የወጡ 260 ሰዎችን ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ሰዎቹ የሃያ አገር ዜጎች ነበሩ። ከእነርሱ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከግማሽ በላይ! ባንኮክ በኮምፒውተር የምትሠሩት፣ ደመወዙ ዳጎስ ያለ ሥራ አለ ተብለው በአውሮፕላን ሄዱ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ድንበር፣ ከዚያ ወንዝ ተሻግረው ምያዋዲ አካባቢ አጥር ውስጥ ገቡ። ፓስፖርታቸው ተወሰደ። የተሰጣቸው ሥራ በሐሰት ስምና ፎቶግራፍ ከአሜሪካና ከሌላ አገር ሰዎች ጋር ቀን ከሌት እየተጻጻፉ፣ ወዳጅ መስለው ገንዘባቸውን ማውጣት ነበር። የታዘዘውን ያህል ሰው ያላመጣ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። መውጣት የፈለገ ቤተሰቡ ይክፈል ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በማያንማር ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰው እንዲህ ተይዞ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

ሄርሊ ያለውን ያስታውሱ፤ የአጭበርባሪው ወጪ የመለሰለትን ሰው ማባበሉ ነው ብሎ ነበር። እነሆ ለዚያም ወጪ መፍትሔ ተገኘለት። ማባበሉን በነፃ የሚሠራ እስረኛ! የቢሴትሩ እስረኛ ለራሱ ይጽፍ ነበር፤ የምያዋዲው እስረኛ ለአሳሪው ይጽፋል። ወደዚያ ያመጣውም እንደዚሁ ያለ አንድ የሐሰት መልእክት ነው። ከመካከላቸው የቡራዩ ወይም የሰበታ ልጅ ይኑር አይኑር ስም አልቆጠርኩም፤ መልእክቱ የሚፈልገው ግን ሥራ ፈላጊ፣ ኮምፒውተር የነካ፣ እናቱን መጦር የሚሻ ወጣት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በእያንዳንዱ መንደራችን አለ። በዲን በኩልስ እጁ ተገድዶ የዋሸ ሰው ወንጀሉ ምን ያህል ነው የሚለውን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። እኔ የምለው የሚያስተላልፈው ሰው እኮ ማንም አላስገደደውም። የሱረቱል ሑጁራት የማጣራት ትእዛዝ የወረደው ለውሸታሙ ሳይሆን ወሬው ለደረሰው አማኝ ነው።

አክስቴን ደወልኩላቸው። «ሸኽ አሕመድ የሚባል ሰው የለም፤ ዑለማዎች ሐሰት ነው ብለዋል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ለሃያው ሰው ምን ልበላቸው?» አሉኝ። አንድ በአንድ እየደወሉ እንደነገሩ ኋላ ሰማሁ፤ መላኩ ምንም አላስወጣቸውም ነበር፣ መመለሱ የሃምሳ ብር ካርድ ፈጀ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሱሉልታ የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ጊዜ የልጅቱን የኢሞ መስመር ሌላ ሰው ነጥቆ በስሟ «ታስሬአለሁ፣ ገንዘብ ላኩ» ብሎ ጻፈ፤ እናት ያላቸውን ላኩ። ከወራት በኋላ ልጅቱ በእውነት ታመመች፤ ስልኳ ስለተሰበረ በሌላ ሰው ቁጥር ደወለች። ወንድሟ «ዛሬ ደግሞ በማን ስም መጣችሁ?» ብሎ ዘጋባት። ሁለተኛም ደወለች፤ ዘጋባት። በሦስተኛው ቀን አንዲት የአገር ልጅ በድምፅዋ አረጋግጣ እስክትደውል ድረስ ልጅቱ ያለ ሰው ተኝታ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች።

አሁን በቤታቸው አንድ ሥርዓት አለ። ልጅቱ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ቃል ትናገራለች፤ በልጅነቷ የምታግዳት የነበረችው የላሟ ስም ነው። እናት ስሙን ሲሰሙ «አዎ፣ ልጄ ናት» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚጀመረው።